«ሞተሩ ይውረድ»

ሰው ሲያረጅ የሚፈራቸው ንግግሮች አሉ። ሐኪም መነጽሩን አውልቆ «ቤተሰብ አብሮዎት መጥቷል?» ሲል። ልጅ ሳይጠሩት መጥቶ «አባባ፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር» ሲል። መካኒክ ደግሞ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ «ጋሼ፣ ሞተሩ ይውረድ» ሲል። ሁለቱን በእግዜር ቸርነት አልፌያቸዋለሁ። ሦስተኛው ግን አምና መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ እዚሁ ናዝሬት ላይ ደረሰብኝ።

ናዝሬት ስል የልጅ ልጄ «አዳማ በል እንጂ አባባ» ይለኛል። ልክ ነው፣ አዳማ የጥንት ስሟ ነው፤ ናዝሬት ያሏት ጃንሆይ ናቸው። እኔ ግን በአሰብ መንገድ ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩት ናዝሬት እያልኩ ነው። ምላስ እንደ ካምቢዮ ነው፤ ካረጀ በኋላ ማርሽ ቀይር ሲሉት ይንገጫገጫል። ስለዚህ እንደ አፌ እያደረግሁ እሄዳለሁ፣ ቅር ያለው ይለፈኝ።

ነገሩ የጀመረው በጭስ ነው። መኪናዬ 82 ሞዴል ዲኤክስ ናት። ሞተሯ 4ኬ የሚባለው፣ 1,290 ሲሲ፣ ያኔ ጃፓኖች ብረት ሳይሰስቱ የሠሩት ነው። ይህች መኪና ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቃል ሳትመልስልኝ ኖራ፣ አንድ ቀን ከኋላዋ ማጨስ ጀመረች። መጀመሪያ እንደ ሲጋራ ነበር። ቀጥሎ እንደ ዕጣን ሆነ። በመጨረሻ እንደ ሠርግ ቤት ማድቤት ሆነና አረፈው። በዘይት በኩልም እኔ ለራሴ የተከለከልኩትን ዘይት እሷ በሳምንት አንድ ሊትር ትጠጣልኛለች። የባጃጅ ልጆች መብራት ላይ አጠገቤ ሲቆሙ «ፋዘር፣ ቡናው ደረሰ?» ይሉኛል። የሰፈሬ ሕፃናት ደግሞ «ወንጂ» የሚል ስም አወጡላት፤ የስኳር ፋብሪካውን ጭስ ማውጫ ማለታቸው ነው። ሆላንዶች ወንጂን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲያስጀምሩ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ ፋብሪካ ጭሶ ጭሶ ቢያንስ ስኳር ያወጣ ነበር። የእኔዋ ጭሳ ጭሳ ያወጣችው ስድብ ብቻ ነው።

«ሽጣትና ሌላ ግዛ» የሚሉኝ አሉ። በምን ልግዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ፤ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ብቻ ሆነ። የልጅ ልጄ በዚህ ደስተኛ ነው። «አባባ፣ እነዚያን ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ማመንጫዎች አየሃቸው? ሁለቱ ዙር ተደምሮ 204 ሜጋ ዋት ነው። ነፋሱ መኪናህን ይሞላልሃል» ይለኛል። «ልጄ፣ የአዳማ ነፋስ እስከ ዛሬ የሞላልኝ ዓይኔን አቧራ ብቻ ነው» አልኩት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ስናገር ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ መልሳ እኔኑ ጉድ ሠራችኝ።

ብቻ በአጭሩ አሮጌ መኪና እንደ ርስት ሆኗል። አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ይታደሳል።

መጀመሪያ ያየልኝ መካኒክ ኮፈኑን ከፈተ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ «ካንዴላ ነው» አለ። አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። ጭሱ ካንዴላ መቀየሩን አልሰማም። ሁለተኛው «ካርቡራቶር ነው» አለ፤ አውርዶ በቤንዚን አጠበው። ካርቡራቶሩ ታጠበ፣ ኪሴም አብሮ ታጠበ፣ ጭሷ ግን ያው። ሦስተኛው ስልክ የምታክል መሣሪያ ይዞ መጣና ከመሪው ሥር ተደፍቶ ይዳብስ ጀመር። «ምን ጠፋህ ልጄ?» ብለው «መሰኪያው የት ነው ጋሼ? ኮምፒውተሯን ላንብባት» አለኝ። «ይህች መኪና ካላት ኤሌክትሪክ ሁሉ ዋናው ክላክሷ ነው» አልኩት። ቀና አለና፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ የፈራሁትን ተናገረ። «እንግዲያው ሞተሩ ይውረድ።» ለምን ሲባል? «ያጨሳላ!»

አይ ጊዜ! በእኛ ዘመን መካኒክ ሐኪም ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ተክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ንስሐ አባት ያዳምጥ ነበር። ሞተሩም ኃጢአቱን ይናገራል። ቢየላ ሲያንኳኳ ሌላ ድምፅ ነው፤ ፑንቴሪያ ሲንጫጫ ሌላ ነው፤ የውሃ ፖምፓ ኩሽኔታ ሲያለቅስ ደግሞ ሌላ። የዛሬዎቹ መካኒክ አይደሉም፣ ቀያሪ ናቸው። ዕቃ ይቀይራሉ፣ ካልሆነ ሌላ ዕቃ ይቀይራሉ፣ ዕቃው ሲያልቅባቸው ባለቤቱ እንዲቀየር ይመክራሉ።

ቋንቋውም ራሱ እየጠፋ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ የጋራዡን ቋንቋ ጥሎልን ነው የሄደው። ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ ይህ ሁሉ የእሱ ቅርስ ነው። ፒስተኑ ላይ የሚጠመጠመውን ቀለበት «ፋሻ» እንለዋለን። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባውን እጅጌ «ካሚቻ» እንለዋለን፤ ካሚቻ ሸሚዝ ነው። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ሞተር ማለት ሸሚዙን ለብሶ፣ ፋሻውን ታስሮ የሚዋጋ ቁስለኛ ነው። ቁስለኛን ደግሞ ቁስሉ የት እንደሆነ ሳይጠይቁ አይገነጣጥሉትም። እኔ ይህን ስናገር ማን ይሰማኛል? ባለቤቴ ብቻ ሰማችኝ፤ እሷም የሰማችው ዝም እንድል ብላ ነው። «እዚያ መናኸሪያው አጠገብ ከቴክኒክና ሙያ የወጣች አንዲት ልጅ አለች። እሷ ጋ ውሰዳት፣ እኔንም አሳርፈኝ» አለችኝ።

ሄድኩ። ልጅቷ ቱታ ለብሳለች፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች፣ በእጇ ደግሞ ደብተር ይዛለች። እኔ በዕድሜዬ ደብተር የያዘ መካኒክ አይቼ አላውቅም። የማውቀው ደብተር የዱቤ ደብተር ነው፣ የእሱም መጨረሻ አያምርም። ኮፈኑን እንኳ ሳትከፍት «አባባ፣ መቼ ነው የምታጨሰው?» አለችኝ።

«ሁልጊዜ!»

«ሁልጊዜ የሚባል የለም። ጠዋት ሲያስነሷት ነው? ዳገት ሲወጡ ነው? ወይስ ቁልቁለት ጨርሰው ቤንዚን ሲረግጡ?»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሦስት ጋራዥ ሄጃለሁ፤ ይህን የጠየቀኝ የለም። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ አስረዳችኝ። ጥቁር ጭስ ቤንዚን ሲበዛ ነው። የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ሲቃጠል ነው፤ የዘይቱ ግን መግቢያ በሩ ሁለት ነው። አድራ ጠዋት ስትነሳ ቡፍ ብላ የምትተው ከሆነ፣ ወይም ቁልቁለት ወርዳ ስትረገጥ ከሆነ፣ ዘይቱ በላይ በኩል፣ በቫልቮቹ መሪና ጎሚኒ ሾልኮ እየወረደ ነው። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛባት ከሆነ በታች በኩል፣ በፋሻው አልፎ እየወጣ ነው። «አንዱ ቴስታታ ብቻ የሚያስከፍት ነው፣ ሌላው ሞተር የሚያወርድ ነው። የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። ሄደው ያጥኗትና ይመለሱ» ብላ አሰናበተችኝ። ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የቤት ሥራ!

ነጂ የራሱን ጭስ አያይም። ስለዚህ ባለቤቴን ከኋላ ወንበር ላይ ፊቷን ወደ ኋላ አዙሬ አስቀመጥኳትና፣ ደብተር አስይዤ ወደ ሞጆ መንገድ ወጣሁ። መንገደኛው ሁሉ ተጣልተን ጀርባ የተሰጣጣን መስሎት ነበር። ስንመለስ የጻፈችውን ለመካኒኳ አነበበችላት። «ሲያስነሳት ትንሽ፣ ወዲያው ጠፋ። ዳገቱ ላይ ብዙ። ቁልቁለት ላይ የለም። እሱ ሲቆጣ በጣም ብዙ።» ልጅቷ ሳቀችና ጻፈችው። እኔ ስቆጣ የቤንዚን መርገጫውን እንደምደፋ በዚያው ታወቀ።

ቀጥሎ አራቱንም ካንዴላ ፈታችና በየቀዳዳው የእመቃ መለኪያ እየሰካች እኔን ሞተሪኖውን አስመታችኝ። አንደኛው ሲሊንደር 11 ኪሎ አለ። ሁለተኛው 7። ሦስተኛው 6። አራተኛው 10። «ሁለቱ ታመዋል» አልኩ፣ ያወቅሁ መስሎኝ። «በምን?» አለችኝ። ዝም አልኩ። በዘይት መቅጃዋ አንድ ማንኪያ የምታህል ዘይት በሁለተኛው ቀዳዳ ጠብ አደረገችና ደግማ ለካች። ከ7 ተነሥቶ 10 ገባ! ዘይቱ የፋሻውንና የሲሊንደሩን ክፍተት ለጊዜው ደፍኖታልና፣ በሽታው እዚያ ነው ማለት ነው። በሦስተኛውም እንዲሁ አደረገች፤ ያኛው ግን 6 ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ዘይት ያልረዳው ከሆነ አየሩ የሚያመልጠው በላይ ነው፣ ቫልቭ አይዘጋም። በአንድ ማንኪያ ዘይት ሁለት በሽታ ለየች። እኔ ለሦስት መካኒክ የከፈልኩትን ገንዘብ አሰብኩና የማንኪያዋን መጠን አየሁ።

«እንግዲህ አባባ፣ ሞተሩ ይውረድ» አለችኝ።

«ያው አልሽ እኮ! ያም ልጅ ይህንኑ ነው ያለው!»

«እሱ ስላላወቀ ነው ያለው። እኔ ስላወቅኩ ነው» አለች።

ሞተሩ ወረደ። ወዳጆቼ፣ የራስን መኪና ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ማየት ከባድ ነው፤ ዘመድ ሲሰቀል ያየሁ ያህል ልቤ ተንሰፈሰፈ። ቴስታታው ተነሣ፣ ኮፓው ተፈታ፣ ፒስተኖቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሁሉም በየቁጥሩ በካርቶን ላይ ተደረደረ። ያን ጊዜ ልጅቷ አውራ ጣቴን ያዘችና የሁለተኛውን ሲሊንደር ግድግዳ በጥፍሬ ከታች ወደ ላይ አስጎተተችኝ። ጥፍሬ ለስላሳውን ብረት እየተንሸራተተ ወጣ፣ ወጣ፣ አፉ ጋ ሊደርስ ሲል ቀጭ ብሎ ቆመ። እርከን! ፋሻው እስከዚያ ድረስ እየተመላለሰ ግድግዳውን በልቶታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ፋሻ የማይደርስበት ስለሆነ በነበረበት ቀርቷል። «ጥፍር ከያዘው ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። አዲሱ ፋሻ ሄዶ እርከኑን ይመታና ይሰበራል» አለችኝ። መለኪያውን አስገባች። ከታች፣ ፋሻ ብዙም ከማይነካው ቦታ፣ ልክ እንደ ፋብሪካው 75 ሚሊ ሜትር። ከላይ 75.22። ልዩነቱ የሁለት ሦስት የጸጉር ዘለላ ውፍረት ነው። ያን ሁሉ ስድብ ያስጠጣኝ ይህ ነው!

«ለምን ከላይ በዛ?» አልኩ። «ፋሻው እዚያ ደርሶ ይቆምና ይመለሳል፤ ዘይት የሚያንሰው እዚያ ነው፣ እሳቱም እዚያ ነው። አቧራም የሚገባው ከላይ ነው» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ የአየር ማጣሪያው የታለ?»

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ክዳኑን ስትከፍት ከውስጥ የወጣው የፍራሽ ስፖንጅ ነው፣ በቢላዋ ተቆርጦ ክብ የተደረገ። ማጣሪያው በደፈነ ቁጥር ግድግዳ ላይ እየመታሁ አራግፌው፣ አንድ ቀን በቤንዚን አጥቤው፣ ወረቀቱ ሲቀደድ ነው በፍራሽ የተካሁት። እሱም ቢሆን የባለቤቴን አሮጌ ፍራሽ ነው፣ ከአዲሱ አልነካሁም። «ይህን ያደረገ ማነው?» አለች ልጅቷ። «አንድ ሞኝ ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም። የስምጥ ሸለቆ አቧራ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ በመተሐራና በመቂ መንገድ ስመላለስ፣ በዚያ በስፖንጁ ቀዳዳ እየሾለከ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ሲሊንደሬን ሲሞርድ ኖሯል። የአዳማ ነፋስ የሞላልኝ ዓይኔን ብቻ አልነበረም።

ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። የውሃውን መውጫ ፈታችና ባዶውን ቤት አሳየችኝ። «ቴርሞስታቱስ?»

«እሱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ በኩራት!» አልኩ። «ቴርሞስታት ለበረዶ አገር ነው። በአሰብ መንገድ ሁላችንም አውጥተን ጥለነዋል፤ ሎግያ በረሃ ላይ ምን ይሠራል?»

«ለምን አወጡት?»

«ስለፈላች ነዋ!»

«ለምን ፈላች?»

ራዲያተሩን አንስታ ወደ ፀሐይ አቀናችው። ቀዳዳዎቹ ግማሹ ነጭ ጠጠር ሠርተው ተደፍነዋል። እናንተ የዚህን አገር ሰው ጥርስ አይታችኋል? የእኔንም ጨምሮ ቡናማ የሆነው በፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ከመሬቱ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ኖሮ ኖሮ የሚወጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ያለውን ፍሎራይድ አልፎ ይሄዳል፤ የወንጂ ሠራተኞች አጥንት ድረስ የታመሙበት ነገር ነው። ከፍሎራይዱ ጋር ደግሞ ሌላም ማዕድን አለበት፣ ሲፈላ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው። ያንን ውሃ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠጣሁ፣ መኪናዬንም ሠላሳ ዓመት አጠጣሁ። የእኔን ጥርስ ቀባው፣ የእሷን ራዲያተር ጋገረው። ራዲያተሩ ሲደፈን ፈላች። ስትፈላ ቴርሞስታቱን ጣልኩ። ቴርሞስታት ሲጠፋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም። ሳይሞቅ ሲነዳ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከግድግዳው ላይ ዘይቱን ያጥባል፤ ብረት ብረትን ይበላል። «በሽታውን ትተው ቴርሞሜትሩን ነው የሰበሩት አባባ» አለችኝ። የልጅ አፍ!

ሦስተኛው ኃጢአቴ ከቴስታታው ወጣ። የሦስተኛው ሲሊንደር ማስወጫ ቫልቭ ከንፈሩ ተቃጥሎ እንደ ተነከሰ ብስኩት ሆኗል። «ፑንቴሪያውን ማን ነው ያጠበቀው?» አለች። እህ! ባለቤቴ «ይህ ጠቅ ጠቅ የሚለው ነገር ራሴን አመመኝ» ስትለኝ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በገዛ እጄ አጥብቄዋለሁ። ለካ ሞተር ሲሞቅ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ክፍተት የግድ ያስፈልገዋል። ብረት ሲግል ይረዝማል፤ ክፍተት ከነፈጉት ቫልቩ ተደግፎ ይቀራል፣ ሳይዘጋ ይቃጠላል። የሚንጫጫ ፑንቴሪያ ያደነቁራል እንጂ አይገድልም። ዝም ያለው ነው የሚያስፈራው። ይህን ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ፤ «ስለዚህ ነው አንተ የማትሞተው» አለችኝ።

የታችኛውም ቤት ተፈተሸ። የቢየላ ብሮንዚናዎቹ ሲወጡ ብር መሳይ ፊታቸው ተገፎ መዳቡ ይታያል፤ አቧራው ለዘይቱም ተርፏል። ክራንኩ ተለክቶ፣ ክብነቱን ስቷልና ለ0.25 እንዲሞረድ ተፈረደበት።

እኔ አሁን ቸኮልኩ። «ብሎኩን ሬቲፊካ ቤት ልውሰደው፣ ለ0.50 ቦር ያድርጉት፣ ፒስተኑን በኋላ እፈልጋለሁ» አልኩ። «በፍጹም! መጀመሪያ ፒስተኑ በእጅዎ ይግባ» አለች። ፒስተንና ግድግዳ በመካከላቸው የሚኖራቸው ክፍተት የመቶኛ ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። ሲሊንደሩ የሚሰፋው ለገዙት ፒስተን ልክ እየተለካ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አምኖ ቦር ያስደረገ ሰው ካሚቻ ሊያስገባ ይገደዳል። እንደ ጫማ ነው፤ ጫማ በእግር ልክ ይሰፋል እንጂ እግር በጫማ ልክ አይቆረጥም።

አዲስ አበባ ወጣሁ። የዲኤክስ ዕቃ ፈላጊ ሶማሌ ተራ ሳይደርስ አይመለስም። ከብዙ መንከራተት በኋላ አንድ ሱቅ ውስጥ ካርቶኑ ላይ ጃፓን የሚል የተጻፈበት አራት ፒስተን አገኘሁ። ካርቶኑ የጃፓን ሊሆን ይችላል፣ ስለ ካርቶኑ አልከራከርም። ልጅቷ አንድ በአንድ ለክታ የወርቅ ሚዛን በመሰለች ትንሽ ሚዛን ላይ አስቀመጠቻቸው። ሦስቱ ተስማሙ። አራተኛው በልክም አነሰ፣ በክብደትም 9 ግራም ጎደለ። እንዲህ ያለው ፒስተን በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ወጥቶ ሲወርድ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ተመልሼ ሄድኩ። ሻጩ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ወርቅ አይደለም በግራም የሚለካው» አለኝ። «ዋጋውን ስትነግረኝ ግን ወርቅ ነበር» አልኩት። ቀየረልኝ። የጡረታ ደሞዜ ግን የሚቀይረው አላገኘም።

ብሎኩ ሬቲፊካ ገብቶ ወጣ። ግድግዳው ላይ የተሰባጠረ ቀጭን ጭረት አለበት፤ «ይህን ሁሉ ከፍዬ የተቧጨረ ሰጡኝ!» ብዬ ጮህኩ። ለካ ዘይት እንዲይዝ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ልጅቷ አዲሱን ቫልቭ በማሾያ ቀብታ፣ በእንጨት ላይ ባለ ጎማ አጣብቃ፣ በሁለት መዳፏ መካከል እሳት እንደሚያፈልቅ እረኛ ታሽከረክረው ጀመር። ከዚያ ቴስታታውን ገልብጣ ላምባ አፈሰሰችበትና ቡና ሊጠጣ ተሄደ። ተመልሰን ስናይ አንድ ጠብታ አላለፈም።

ቡናው ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ሠራች። አዲሱን ቴርሞስታት ቡና አፍይዋ ሴትዮ ከሰል ላይ በጣደችው ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥላ ከተተችው። ሴትዮዋ «ብረት ልትቀቅዪብኝ ነው?» ብላ ተቆጣች። ሦስታችንም አጎንብሰን አየን። ቴርሞሜትሩ 70 አለ፣ ምንም የለም። 80 አለ፣ ምንም የለም። 82ን አለፍ ሲል ያቺ ትንሽ ክዳን፣ ከእንቅልፉ እንደሚነቃ ዓይን፣ ቀስ ብላ ተገለጠች። «አየ ጥበብ!» አለች ቡና አፍይዋ። እኔ ያን ዓይን ነው በገዛ እጄ አውጥቼ የወረወርኩት።

ሞተሩ ተነሣ። አልጨሰም። የሰፈሩ ልጆች «ወንጂ ተዘጋ» አሉ። አሁን ግን ሮዳጅ የሚሉት አለ፤ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ሳላልፍ፣ ጭነት ሳላበዛ፣ ፋሻውና ግድግዳው እስኪተዋወቁ እንድነዳ ታዘዝኩ። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ፈጣን መንገድ ተከለከልኩ። ስለዚህ በአሮጌው መንገድ ሞጆ፣ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ባቱ እያልኩ ተጓዝኩ። ባጃጅ አለፈኝ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ክላክስ እያንባረቀ አለፈኝ። መቂ መግቢያ ላይ የአንድ ጋሪ ፈረስ ትንሽ አብሮኝ ሮጦ፣ በርኅራኄ ዓይን አይቶኝ ወደ ኋላ ቀረ። ባለቤቴ አሁንም ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ጭስ ትጠብቃለች፤ ሥራውን ወደደችው።

እኔ ማማረሬን አልተውም፤ ዘመኑ የቀያሪ ዘመን ነው ያልኩትን አልመልስም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ሦስቱ መካኒኮች አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ የደበቅሁት ፍራሽ ነበር። ለሞተሩ ያወጣሁት ገንዘብ ዕድሜ ልኬን የአየር ማጣሪያ ይገዛልኝ ነበር፣ ፍራሽም ይተርፈኝ ነበር።

ስለዚህ እናንተ ልጆች፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ በዚህ አቧራ የምትነዱ ሁሉ፣ ነገ ጠዋት መኪናችሁን ሳታስነሱ ማጣሪያውን አውጡና ወደ ፀሐይ አቅኑት። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። የተቀደደ ከሆነም ቀይሩት። ፍራሹን ግን ተኙበት።